ወልቂጤ አጠገብ አንድ ሄክታር ተኩል፦ ፐርማካልቸር (ተፈጥሮን አስመስሎ የሚሠራ ዘላቂ እርሻ) ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦ ሰላም። አባቴ ያወረሰኝ ተዳፋት መሬት ነው። ታቹ ባህር ዛፍ፣ ላዩን ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ይልጠዋል። 200 የአቮካዶ ችግኝ ላዝዝ ነው። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ችግኙን ለጊዜው ተወው። ዘንድሮ ክረምት ጃንጥላ ይዘህ መሬቱ ላይ ቁም። ውሃው በየት ይገባል፣ በየት ይወጣል? እኔ ሳላይ ተክዬ 60 ችግኝ ጎርፍ በልቶብኛል። ከዚያ ሁለት እኩል እንጨት ጫፋቸውን አስረህ እግራቸውን ክፈት፣ መሃላቸው አግዳሚ ምታ፣ ከአናቱ ድንጋይ በክር አንጠልጥል። ክሩ አግዳሚው መሃል ላይ ሲያርፍ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። እግሮቹ ያረፉበትን እየቸከልክ፣ አንዱን እግር እያዞርክ ተዳፋቱን አቋርጠህ ሂድ። በችካሎቹ መስመር ቦይ ቆፍር፣ አፈሩን ከታች በኩል ከምር፣ ሥሩ ጠልቆ አፈር የሚይዘውን ቬቲቨር ሳር ትከልበት። ኮንሶዎች ተራራውን በእርከን የያዙት ፐርማካልቸር የሚባል ቃል ሳይሰሙ ነው!

ሌላ መልስ፦ እንሰቱን ከቤቱ አታርቀው። ፍግና አመድ ተሸክሞ ሩቅ የሚሄድ የለም፤ እናቴን አይቻለሁ። ጥላው ሥር ቡና፣ ጎደሬም።

ጠያቂ፦ ባህር ዛፉስ? ልቁረጠው?

መልስ፦ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ደግሞ ጥሬ ገንዘብህ እሱ ነው። ምንጭ ካለህ፣ ከአጠገቡ ያለውን ብቻ ከነሥሩ ንቀል። 200 ያልከውን አቮካዶ ለመጀመሪያው 5 አድርገው።