የጾም ስኳር ደህና ሆኖ ኢንሱሊን ሬዚስታንስ (ሰውነት ለኢንሱሊን ሆርሞን በደንብ አለመታዘዙ) ሊኖር ይችላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የጾም ስኳሬ 94 ነው፣ ሐኪሙም ስኳር የለብህም ብሎኛል። ግን ቦርጬ እየገፋ ነው፣ አባቴም ስኳር አለበት። በቀላሉ የማጣራበት መንገድ አለ?

መልስ 1፦ አዎ ሊኖር ይችላል ወንድሜ። በልብስ ሰፊ ሜትር ጀምር። ወገብህ ከቁመትህ ግማሽ ከበለጠ አንድ ምልክት ነው። አንገትህ ወይም ብብትህ ላይ ቆዳው ጠቁሮ ከወፈረም ችላ አትበለው።

መልስ 2፦ የኮሌስትሮል ውጤት ካለህ ትራይግሊሰራይዱን (የደም ስቡን) ለኤችዲኤል (ጥሩ ለሚባለው ኮሌስትሮል) አካፍለው። በሚሊግራም ተለክቶ ከ3 ከበለጠ ያጠራጥራል።

መልስ 3፦ እሱ ላይ ብቻ አትደገፉ! በጥቁር አሜሪካውያን እንደታየው ችግሩ እያለም ትራይግሊሰራይድ ዝቅ ሊል ይችላል። የጾም ኢንሱሊን የሚሠራ ላብራቶሪ ካገኘህ፣ በማይክሮ ዩኒት የመጣውን ቁጥር ከጾም ስኳርህ ጋር አባዛና ለ405 አካፍለው፣ ሆማ የሚሉት እሱ ነው። ከ2.5 ካለፈ ውጤቱን ይዘህ ሐኪምህ ጋ ተመለስ።