የወተት ማቀዝቀዣዬ ሳያርፍ እየሠራ አልቀዘቅዝ አለ፤ ጋዝ ላስሞላ?

ባለሱቅ (አዳማ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ወተትና እርጎ የምሸጥበት ባለ ሁለት መስታወት በር ማቀዝቀዣ አለኝ። ቀድሞ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቆም የነበረው አሁን ሞተሩ ቀንና ሌሊት እየሠራ ከ11 ዲግሪ በታች አልወርድ ብሏል። ያየው ባለሙያ ጋዙ ስላለቀ ይሞላ ይላል፤ ይሁንና ዓምናም በዚሁ ምክንያት አስሞልቼ ስለነበር ዳግመኛ ከመክፈሌ በፊት ምን ማጣራት እንዳለብኝ ብትነግሩኝ።

የማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያ፦ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚዞር በመሆኑ፣ ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይገኝና ሳይበየድ መሙላት ለዓመት ያህል ጊዜ መግዛት ብቻ ነው።

በቅድሚያ ግን ማቀዝቀዣውን ከሶኬት ነቅለው ከሞተሩ አጠገብ ያለውን ኮንደንሰር ይመልከቱ። በአቧራ ከታፈነ ሙቀቱን ማስወጣት ስለማይችል፣ ጋዙ ሙሉ ቢሆንም እርስዎ የገለጹት ችግር ይከሰታል፤ ስስ ክንፎቹን ሳያጣምሙ በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱት። ቀጥሎ የውስጡን ሽፋን አስከፍተው በረዶው የት እንደያዘ ይዩ። ውስጡን የሚያቀዘቅዘው የቱቦ ጥቅልል በሙሉ በበረዶ ከተሸፈነ ማራገቢያው፣ የበሩ ጎማ ወይም ቴርሞስታቱ (የቅዝቃዜ መቆጣጠሪያው) ይጠረጠራል። በብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ማቀዝቀዣዎች በረዶው የሚቀልጠው ሞተሩ በሚያርፍበት ጊዜ ስለሆነ፣ የማያርፍ ሞተር በረዶውን ያባብሰዋል። በረዶው ጋዙ ወደ ጥቅልሉ በሚገባበት መግቢያ አካባቢ ብቻ ከሆነና ቀሪው ጥቅልል ደረቅ ከሆነ ግን የጋዝ ጉድለት ሊሆን ይችላል። በምንም ምክንያት በረዶውን በቢላዋ አይፈልፍሉ።

ነጋዴ (ድሬዳዋ)፦ ወተቱን ከነሙቀቱ ያስገባሉ? እነዚህ ማቀዝቀዣዎች የተሠሩት የቀዘቀዘውን ጠብቆ ለማቆየት እንጂ ትኩሱን ለማቀዝቀዝ አይደለም። የኤሌክትሪክ መዋዠቅም መታየት አለበት፤ ከ220 ቮልት በእጅጉ ሲወርድ ሞተሩ ሊነሳ ሞክሮ ጠቅ ብሎ ይቆማል። የእርስዎ ሞተር ግን እየሠራ ስለሆነ እኔ ይህን በመጨረሻ ነው የማስበው።

ባለሱቅ (አዳማ)፦ ወተቱ ቀዝቅዞ ነው የሚገባው። ኮንደንሰሩን ባጸዳም ለውጥ የለም። በረዶው መግቢያው ላይ ብቻ ነው፤ አንድ የቱቦ መጋጠሚያ ላይም ዘይት የመሰለ እርጥበት አለ። የተለጠፈው መግለጫ ጋዙ አር 290 መሆኑን ይናገራል።

የማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያ፦ ዘይቱ ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚወጣ ቀዳዳው እዚያው ሳይሆን አይቀርም፤ በሳሙና አረፋ ይረጋገጣል። አር 290 ግን ፕሮፔን ነው፣ በእሳት ይያያዛል። ስለዚህ የቀረው ጋዝ አየር በደንብ በሚገባበት ቦታ ተወግዶ ሳያልቅ ማንም እሳት እንዳያቀርብ፤ ሌላ ዓይነት የማቀዝቀዣ ጋዝ የሆነው «አር 134ኤ»ም አይቀላቀልበት። ከተበየደ በኋላ ቱቦው በቫኪዩም ፓምፕ አየሩና እርጥበቱ ይወጣለት፤ ከዚያም ጋዙ በግምት ሳይሆን መግለጫው ላይ በተጻፈው ግራም ልክ ተመዝኖ ይሞላ። ሚዛን የሌለው ባለሙያ ከመጣ ሥራውን ባይሰጡት ይሻላል።