«ሆዴን ባር ባር አለኝ» ከሐሳብ ይቀድማል ወይስ ይከተላል?

የሐይቁ ዳር፦
ሰላም የቃል ወዳጆች። ሰሞኑን አክስቴን ወደ ዘጌ ልሸኛት ባሕር ዳር ጀልባ መነሻው ላይ ነበርን። ሒሳብ ተከፍሏል፣ ዕቃዋ ተጭኗል። እሷ አንድ እግሯን ጀልባው ላይ እንዳደረገች ቆመች። «ሆዴን ባር ባር አለኝ፣ አልሄድም» አለች። ምን ሆነሽ ነው ብላት፣ «እኔ ምኑን አውቄው!» ሻይ ከጠጣን በኋላ ግን ምክንያቱ ተደረደረ፤ ነፋሱ፣ የሞተሩ ድምፅ፣ የሌሊት ሕልሟ ሳይቀር። ለመሆኑ «ባር ባር አለኝ» ምንድን ነው? ፍርሃት ነው? ሐዘን ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦
ሁለቱም አይደለም፣ ሁለቱም አለበት። «ፈራሁ» ብትል «ምኑን?» ትባላለህ። «አዘንኩ» ብትል «ምን ገጠመህ?» ይመጣል። «ባር ባር አለኝ» ያለ ሰው ግን «አይዞህ» ነው የሚባለው። ምክንያት አይጠየቅበትም። ልጇን ዩኒቨርሲቲ ሸኝታ ባዶ ቤት የገባች እናትም ባር ባር ይላታል። እዚያ ፍርሃት የለም።

ደንገል፦
ሥነ ልቦና ስለተማርኩ ጣልቃ ልግባ። አሜሪካዊው የአንጎል ተመራማሪ ጆሴፍ ለዱ በአይጦች ላይ ባደረገው ጥናት ሁለት መንገድ አሳይቷል። የሰማነው ነገር መጀመሪያ ታላመስ ወደሚባለው የአንጎል ክፍል ይገባል። ከዚያ አንዱ መንገድ አቋርጦ አደጋን ቶሎ ወደሚለየው የአንጎል ክፍል፣ ወደ አሚግዳላ፣ በቀጥታ ይደርሳል። ፈጣን ነው፣ ግን የሚያደርሰው መረጃ ድፍን ያለ ነው። ሌላው በኮርቴክስ፣ በአንጎል ውጫዊ ንብርብር፣ ዞሮ ይመጣል። ይዘገያል፣ ግን ያጣራል።

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል በታንኳ የሄደ ሰው ይህን በአካሉ ያውቀዋል። ውሃው ላይ ጥቁር ነገር ብቅ ይላል። መቅዘፊያው እጅህ ላይ ይቀራል፣ ልብህ ይደልቃል። ጉማሬ! ትንሽ ቆይተህ ስታየው ግንድ ነው። ክው ያልከው ምን እንደሆነ ሳታውቅ ነው። ለዱ ራሱ ኋላ ላይ ያ ፈጣን ምላሽ «ፍርሃት» ሊባል አይገባም፣ ፍርሃት ሰውየው አውቆ የሚሰማው ነው ብሎ ተከራክሯል። አማርኛ «ክው አልኩ»ን ከ«ፈራሁ» ለይቶ ማስቀመጡ ደስ ይለኛል።

አክስትህም ሐይቅ ዳር ካደገች፣ የውሃው መልክ ሲለወጥ ልብ ሳትለው ዓይኗ ይዞት ሊሆን ይችላል።

ጢስ ዓባይ፦
ኧረ ሆድን ነቢይ አናድርገው! አካል ይታወካል፣ ስሙን የምናወጣለት እኛ ነን። ሻክተርና ሲንገር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1962 ያቀረቡት ሐሳብ ይኸው ነው። በ1974 ደግሞ ደተንና አረን የተባሉ ተመራማሪዎች ካናዳ ውስጥ ካፒላኖ በሚባል ተንጠልጣይ ድልድይ ላይ ወንዶችን ፈተኑ። በሚወዛወዘው ድልድይ ላይ አንዲት ሴት መጠይቅ ታስሞላቸውና ስልኳን ትሰጣቸዋለች። በኋላ የደወሉላት ሰዎች፣ ጠንካራ ድልድይ ላይ ካገኘቻቸው ይልቅ በዙ። ተመራማሪዎቹ ያሉት፣ ድልድዩ ያመጣባቸው መንቀጥቀጥ የልጅቷ ውበት ያመጣው መስሏቸዋል ነው። እኛም ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ተንጠልጣይ ድልድይ አለን። እዚያ ጉልበቱ ተብረክርኮ «ወደድኩሽ» የሚል ካለ ሜዳ ላይ ወርዶ ይድገመው። አክስትህም ቁርስ ሳትበላ ወጥታ ይሆናል።

የሐይቁ ዳር፦
ፍርፍሯን ጠርጋ ነው የመጣችው።

ሰዋስው፦
አንድ ነገር ልጨምር። «ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ናፈቀኝ፣ ባር ባር አለኝ» ስንል ስሜቱ አድራጊ ነው፣ እኔ ተቀባይ ነኝ። «ተቀየምኩ፣ አኮረፍኩ» ስንል ግን አድራጊው እኔ ነኝ። ማን ምን እንዳደረገኝ ሳላስብ ልቀየም አልችልም። ስለዚህ ሳናስበው የሚመጣው «ኝ» ላይ ያልቃል፣ አስበን የምንደርስበት «ኩ» ላይ።

ደንገል፦
ያምራል፣ ግን «ደነገጥኩ» ያፈርሰዋል። ከድንጋጤ የሚቀድም ስሜት የለም፣ እሱ ደግሞ «ኩ» ነው። «ቅር አለኝ»ም በተቃራኒው ያስቸግራል። ጎረቤትህ ሰላምታህን ሳይመልስ ቢያልፍ ቅር ይልሃል፤ «ንቆኝ ነው» ብለህ ተርጉመኸዋል ማለት ነው። ማታ እናቱ ሆስፒታል መግባታቸውን ስትሰማ ቅሬታው ብን ብሎ ይጠፋል፤ እንዲያውም አንጀትህን ይበላሃል። የሆነው ነገር አልተለወጠም፣ ትርጉሙ ነው የተለወጠው። «ሳስበው ቆሽቴ አረረ» የሚለውም እዚህ ነው ቦታው፤ ማሰቡን ስታቆም ማረሩም ጋብ ይላል።

ሰዋስው፦
እሺ፣ ሕግ አይደለም፣ ዝንባሌ ነው እንበል። «ቅር አለኝ»ን አላሰብኩትም ነበር።

የሐይቁ ዳር፦
«ቀልቤ አልወደደውም»ስ? ከባር ባር ጋር አንድ ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦
አይደለም። ሁለቱም አውቀን ከምናስበው ሐሳብ ቀድመው ይመጣሉ። «ቀልቤ» ግን ዒላማ አለው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛዮንክ እ.ኤ.አ. በ1980 መውደድና መጥላት ሳያመዛዝኑም ይመጣል ብሎ ሲጽፍ፣ ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሪቻርድ ላዛረስ ደግሞ ሳይገመግሙ ስሜት የለም፣ ግምገማው ግን ሳይታወቀን ሊካሄድ ይችላል ብሎ ሞግቶታል። እኔ ወደ ላዛረስ አደላለሁ። ቤት ልትከራይ ሄደህ ክፍሉ ደህና፣ ዋጋው ደህና ሆኖ «አከራዩን ቀልቤ አልወደደውም» ትላለህ። ፊቱን፣ አነጋገሩን፣ በሩን የከፈተበትን አኳኋን ሳይታወቅህ መዝነሃል። «አከራዩን ባር ባር አለኝ» ግን አማርኛ አይደለም።