ጎርፍ የወሰደብንን የጊቤ ዳር ጎጆ የት ልሥራት?

ሰላም ወገኖች፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ከጅማ ወጣ ብሎ ግልገል ጊቤ ወንዝ ዳር ከአባቴ ጋር የሠራናት ትንሽ ጎጆ ነበረችን። ቅዳሜ ቅዳሜ መንጠቆና ትል ይዘን እንወርዳለን። አንዳንዴ አምባዛ፣ አንዳንዴ ቀረሶ ይወጣል። ባይወጣም ቡና አፍልተን ስናወጋ እንውላለን።

ነሐሴ ላይ ወንዙ ሌሊት ሞልቶ ወሰዳት። ጠዋት ስንደርስ የቀረው አንድ የባሕር ዛፍ ቋሚ ብቻ ነው። እሱም ላይ የአባዬ የመንጠቆ ክር ተጠምጥሟል። አባዬ ምንም ሳይናገር ክሩን ቀስ ብሎ ፈታና ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወዲህ የዓሣ ነገር አያነሳም። እኔን የጨነቀኝ ይሄ ነው።

ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያባራ መልሼ ልሠራለት አስቤያለሁ። ግን የት? ጎርፉ ሾላው ግንድ ላይ ከቁመቴ በላይ የጭቃ መስመር ትቷል። ከዚያ መስመር ምን ያህል ከፍ ብል ይበቃል? ቬቲቨር ሣር ሥሩ እስከ 3 ሜትር ወደ ታች ይሰዳል፤ እዚህም ቡና ማሳ ላይ አፈር ይይዛል። የወንዝ ዳር ሲሸረሸርስ ይቋቋማል? ወይስ ቀርከሃ ይሻላል? የደረሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።