አስቸኳይ፦ «ዊልያም የሊሜሪክን ውል አፈረሰ» ብዬ ጽሑፌ ተመለሰብኝ

ጠያቂ፦ እባካችሁ ማታ 6 ሰዓት ላይ ማስረከብ አለብኝ። «ውሉ ለካቶሊኮች ሙሉ የሃይማኖት ነፃነት ሰጠ፤ ንጉሥ ዊልያም አፈረሰው» የሚለውን አስተማሪው በቀይ አስምሮ «የትኛው አንቀጽ? ማን?» ብሎበታል። ምን ልበል?

ዘርዓይ፦ የትኛው ውል? የአየርላንዷ ከተማ ጎልዌይም በ1691 ጁላይ የራሷን ተዋውላለች።

ጠያቂ፦ ርዕሱ ላይ አለ! ሊሜሪክ፣ ኦክቶበር 3፣ 1691፤ በአየርላንድ በፕሮቴስታንቱ የእንግሊዝ ንጉሥ በዊልያምና በካቶሊኩ በጄምስ ደጋፊዎች መካከል የነበረውን ጦርነት ያበቃው።

ቀልዴ፦ እኔ ሊሜሪክ ባለ አምስት ስንኙ ግጥም መስሎኝ ገባሁ።

መምሬ፦ መጀመሪያ ውሉን ለሁለት ክፈለው። ወታደራዊው 29 አንቀጽ ተፈጽሟል፤ የተሸነፈው ጦር አዛዥ ሳርስፊልድ ከ14,000 ገደማ ወታደር ጋር ወደ ፈረንሳይ ተሻግሯል። ጣጣው ያለው በሲቪሉ 13 አንቀጽ ነው። አንቀጽ 1 «ሙሉ ነፃነት» አይልም፤ ከአየርላንድ ሕግ ጋር የሚስማማውን ወይም ቀደም ሲል በነገሠው በዳግማዊ ቻርልስ ዘመን የነበራቸውን ያህል ነው የሚለው። በቻርልስ ጊዜ ደግሞ የነበረው በሕግ የጸና መብት ሳይሆን አይቶ እንዳላየ ማለፍ ነው።

ሰናይት፦ ያፈረሰው የአየርላንድ ፓርላማ ነው በል። በ1697 ሲያጸድቀው አንቀጽ 1ን ጭራሽ ተወው። ርስት በሚያስጠብቀው አንቀጽ 2 ላይም «በጥበቃቸው ሥር ያሉ ሁሉ» የምትለው (በአየርላንዱ ጦር ጥበቃ ሥር ማለት ነው) ሐረግ በግልባጩ ላይ ተዘላ ነበር። ዊልያም በ1692 መለሳት፣ ፓርላማው እንደገና አወጣት። የብዙ ሰላማዊ ሰው ርስት በእሷ ላይ ነበር የተንጠለጠለው።

ዘርዓይ፦ ዊልያም ሳይሆን ፓርላማው ነው።

ሰናይት፦ አሁን አልኩ እኮ 😄

ተሟጋች፦ ንጉሡንም ነፃ አታውጡት። በፖይኒንግስ ሕግ መሠረት የአየርላንድ ረቂቅ ለንደን ሳይፈቅድ አያልፍም። የ1695ቱ የጦር መሣሪያ፣ ከ5 ፓውንድ በላይ የሚያወጣ ፈረስና የውጭ አገር ትምህርት ክልከላ፣ የ1697ቱም ጳጳሳትንና መነኮሳትን የማባረር ሕግ በእሱ ዘመን ነው የወጡት። ደግሞ ፓርላማው ውስጥ ካቶሊክ አልነበረም፤ የ1691ዱ የእንግሊዝ ሕግ ቅዳሴያቸውን የሚክድ መግለጫ እንዲፈርሙ ስለሚያስገድድ።

መምሬ፦ ከሕጎቹ የካቶሊኮችን ርስት በዋናነት ያደቀቀው የ1704ቱ ነው፣ በንግሥት አን ዘመን። የካቶሊክ ርስት ለወንዶች ልጆች እኩል ይከፋፈል፣ ታላቁ ፕሮቴስታንት ከሆነ ግን ሁሉን ይውረስ፣ ኪራይም ከ31 ዓመት አይብለጥ። ይህን ከውሉ ጋር አታምታታው።

ሰናይት፦ እንዲህ ተካው፦ «የሊሜሪክ ውል አንቀጽ 1 ለካቶሊኮች የተወሰነና አሻሚ መብት ቃል ገባ፤ በ1697 ፓርላማው አንቀጹን ሳያካትት አጸደቀ፤ ዘውዱም ፈቀደ።»

ቀልዴ፦ «እ.ኤ.አ.» ማለት አትርሳ። 1691 በእኛ 1684 ነው፤ ሌላ ቀይ እንዳያሰምርብህ።

ሰናይት፦ ላክኸው?