ንግሥቴን በነጻ መስጠት እንዴት ልተው?

አዲስ ገቢ፦
ሰላም ወገኖች። ቼዝ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ብዙውን ጊዜ ስልኬ ላይ የ3 ደቂቃ ነው የምጫወተው። ደህና እየሄድኩ ድንገት ትልቅ ነገር አስበላለሁ። ትናንት ጥቁር ይዤ ነበር። ነጭ ወታደሩን ኢ4 ወደሚባለው ካሬ ገፋ፣ እኔም የኔን ወደ ኢ5። ፈረሱን ኤፍ3 አወጣ፣ እኔም የኔን ኤፍ6። ኢ5 ላይ ያለውን ወታደሬን በፈረሱ በላ፤ እኔም በፈረሴ ኢ4 ላይ ያለውን በላሁ። ንግሥቱን ኢ2 ላይ አመጣ። ፈረሴ ሊበላ ነው ብዬ ወደ ኤፍ6 መለስኩት። ፈረሱን ሲ6 ላይ ሲያስቀምጥ ቼክ ሆነ (ንጉሤ ተጠቃ)፣ ንግሥቴም ሄደች። ገና በአምስተኛው እርምጃ! ምን ይሻለኛል?

ፈረሰኛው፦
አይዞህ፣ በዚህች ወጥመድ ብዙ ሰው ተበልቷል። ጥፋቱ የጀመረው ሦስተኛው እርምጃ ላይ ነው፤ “በላኝ፣ ልብላው” አልክ። መጀመሪያ ወታደርህን ዲ6 ላይ አድርገህ ፈረሱን አባርረው። ወደ ኤፍ3 ሲመለስ ያኔ ኢ4ን ትበላለህ።

ንግሥቱ ከመጣች በኋላም ማሸሽ አልነበረብህም። ንግሥትህን ኢ7 ብታደርግ የምትከስረው አንድ ወታደር ነበር። በሱ ንግሥትና በንጉሥህ መሐል የቆሙት እኮ የሁለታችሁ ፈረሶች ብቻ ናቸው። ያንተ ተነሳ፣ የሱ ቀረ። አሁን የሱ ወዴትም ቢዘል ቼክ ነው። ሲ6 ላይ ቆሞ ዲ8 ያለችውን ንግሥትህን ሲያነጣጥርባት አንተ ንጉሥህን ልታድን ትሯሯጣለህ።

ቲቲ፦
እኔ ግን ችግሩ ሰዓቱ ነው እላለሁ። 3 ደቂቃውን ለጊዜው ተወው። 15 ደቂቃ፣ በየእርምጃው 10 ሴኮንድ የሚጨመርበትን ሞክር። ሰውየው ባንቀሳቀሰ ቁጥር “ምን ፈልጎ ነው?” በል። የራስህን ከመጫወትህ በፊት ደግሞ ያሰብከውን እርምጃ ተጫውቼዋለሁ ብለህ፣ እሱ ምን ቼክ አለው፣ ምን ይበላል፣ ምን ያስፈራራል ብለህ እይ። ፈረስህን በአሳብህ ኤፍ6 ላይ አድርገህ ቼኮቹን ብትፈልግ ኖሮ ሲ6 ትታይህ ነበር።

ሊቼስ የሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ ያሉት እንቆቅልሾች ነጻ ናቸው፤ በዓይነትም ተለይተዋል። ይህ ሳምንት በተደበቀ ቼክ ላይ ብቻ ሥራ፤ እንዳንተው ጨዋታ ከፊት ያለው ሲነሳ ከኋላው ያለው ቼክ የሚያደርግበት ማለት ነው። መልሱን ሳታገኝ አትንካ፣ በግምት መቶ ከመሥራት ተጠንቅቆ አሥር ይሻላል።

ጋሼ ቼዝ፦
ልጄ፣ እኛ እርምጃውን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጻፍ፣ ከዚያ ሰሌዳውን እንደ አዲስ ሰው እየው እንባል ነበር።

ቲቲ፦
ጋሼ፣ ምክሩስ ግሩም ነው። ግን አሁን በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን በፊዴ ሕግ እርምጃን አስቀድሞ መጻፍ ክልክል ነው፤ ውድድር ላይ ይቀጣበታል። ይልቅ እንዳይቸኩል እጁ ላይ ይቀመጥ 😄

ፈረሰኛው፦
ደግሞ በራስህ አትፈር። ቭላድሚር ክራምኒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ቦን ላይ ዲፕ ፍሪትዝ ከሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ጋር ሲጫወት፣ በአንድ እርምጃ የሚመጣበትን ሜት (ንጉሡ የማያመልጥበትን ቼክ) ሳያይ ቀርቷል። ያኔ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። ሜት ያደረገችውን የፕሮግራሙን ንግሥት ኤች7 ላይ የደገፋት ኤፍ8 ላይ የቆመ ፈረስ ነው። እዚያ ጥግ የተወሸቀ ፈረስ ያን ያህል አያስፈራም፤ ለዚህ ይመስለኛል ያመለጠው።

አዲስ ገቢ፦
አመሰግናለሁ፣ ጋሼም ይኑሩልን። ማታ ያንኑ ሰውዬ አገኘሁት፣ በ15 ደቂቃ። ያችኑ መንገድ መጣልኝ። ዲ6 አልኩት፣ ፈረሱን መለሰ፣ ወታደሬን አስመለስኩ። መጨረሻ ላይ አሸነፈኝ። ንግሥቴን ግን አልሰጠሁትም።