የደረቀ ቅጠል የቤታ ዓሣን ክንፍ ያድናል ወይ?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። 20 ሊትር ውኃ በሚይዝ አኳሪየም ውስጥ አንድ ወንድ ቤታ ዓሣ አሳድጋለሁ። ሰሞኑን የጅራቱ ክንፍ ጠርዝ እየተበላ መምጣቱን አስተውያለሁ፤ ምግቡን ግን እንደ ወትሮው ይበላል። የሕንድ ለውዝ ከሚባለው ዛፍ የደረቀ ቅጠል ውኃው ውስጥ ባስገባ እንደሚሻለው ብዙ ሰዎች ነግረውኛል። ቅጠሉ በእርግጥ ያድነዋል? ውኃውን ሻይ የሚያስመስለው ቀለምስ አይጎዳውም?

መልስ 1
ቀለሙ አይጎዳውም። ቤታ በተፈጥሮ የሚኖረው በታይላንድና በአካባቢዋ በሚገኙ የሩዝ ማሳዎች፣ ረግረጎችና ጥልቀት በሌላቸው ቦዮች ሲሆን፣ በእንዲህ ያለው ቦታ የዕፅዋት ብስባሽ የሚለቃቸው ታኒንና ሂዩሚክ አሲድ ውኃውን ቡናማ ማድረጋቸው የተለመደ ነው። ደብዘዝ ያለው ብርሃንም ዓሣውን ያረጋጋዋል፤ ወንዱ በቅጠሉ ሥር የአረፋ ጎጆውን ሲሠራ ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው።

ስለ ፈውሱ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ከዚህ ቅጠል የሚወጣው ጭማቂ አንዳንድ ባክቴሪያዎችንና ፈንገሶችን እንደሚገታ በቤተ ሙከራ ታይቷል፤ ነገር ግን በዚያ የተሞከረው የተጠናከረ ጭማቂ እንጂ በአኳሪየም ውስጥ የተዘፈዘፈ አንድ ቅጠል የሚለቀው ቀጭን መጠን አይደለም። ስለዚህ ቅጠሉን እንደ ድጋፍ እንጂ እንደ መድኃኒት አይቁጠሩት። ክንፍ እንዲበላ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ የውኃው መበከል በመሆኑ አስቀድመው አሞኒያና ናይትራይት (ከዓሣው ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ የሚመጡ መርዛማ ነገሮች) ይለኩ፤ ሁለቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። የውኃው ሙቀትም ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይመረጣል።

መልስ 2
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነጥብ ግን ልጨምር። ቅጠሉ የውኃውን ፒኤች (የአሲድነቱን መለኪያ፤ ሲቀንስ አሲድነቱ ይጨምራል) ዝቅ ማድረጉ የተመካው በካርቦኔት ጥንካሬው፣ ማለትም ፒኤቹ እንዳይለዋወጥ በሚይዙት በውኃው ውስጥ በሟሙት ካርቦኔቶች መጠን ላይ ነው። ጥንካሬው ከፍተኛ ከሆነ ውኃው ቡናማ ቢሆንም ፒኤቹ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ያንን ለማስገደድ ቅጠል ላይ ቅጠል መደራረብም የሚበሰብሰውን ነገር ከማብዛት በቀር ጥቅም የለውም። በተቃራኒው ውኃው በጣም ለስላሳ (ጥንካሬው ዝቅተኛ) ከሆነ ፒኤቹ ከ6 በታች ሊወርድና አሞኒያን የሚያጣሩትን ባክቴሪያዎች ሥራ ሊያዳክም ስለሚችል፣ በጥቂቱ ጀምሮ እየለኩ መሄድ ይሻላል። በማጣሪያው ውስጥ ከሰል ካለ ደግሞ ታኒኑን ስለሚስበው አስቀድመው ያውጡት።

የጠያቂው ምላሽ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለካው አሞኒያው ዜሮ አልሆነም። ቅጠሉን አሁኑኑ ላስገባ ወይስ ልጠብቅ? ለ20 ሊትርስ ስንት ይበቃል?

መልስ 3
ቅድሚያ ለውኃው ይስጡ። ክሎሪኑ በተወገደለትና ሙቀቱ ከአኳሪየሙ ጋር በተመጣጠነ ውኃ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነውን ይቀይሩ፤ አሞኒያው እስኪጠፋም በየቀኑ እየለኩ ይድገሙት። ከዚያ በኋላ ግማሽ ቅጠል ለመጀመሪያ ይበቃል። ቅጠሉ በራሱ ጊዜ ደርቆ የወደቀ፣ ፀረ ተባይ ካልተረጨበት ዛፍና ከመኪና መንገድ ርቆ የተለቀመ ይሁን፤ አረንጓዴውን አይጠቀሙ። በደንብ ካጠቡት በኋላ ለጥቂት ደቂቃ በፈላ ውኃ ቢዘፈዝፉት ቶሎ ይሰምጣል፤ ረጅም ጊዜ ቢቀቅሉት ግን የሚፈልጉት ታኒን ከውኃው ጋር ይደፋል። የሕንድ ለውዝ ከጠፋ የደረቀ የጓቫ ወይም የኦክ ቅጠል ይተካዋል፤ ዘይት ያላቸውን የባሕር ዛፍና የጥድ ቅጠሎች ግን ፈጽሞ አያስገቡ።

ከጊዜ በኋላ በቅጠሉ ላይ የሚታየው ስስ ልጋግ ጉዳት የለውም። ቅጠሉ ተበጣጥሶ አጥንቱ ብቻ ሲቀር አውጥተው በአዲስ ይተኩት። የክንፉ መበላት ወደ ሥሩ ከገፋ፣ ጠርዙ ከቀላ ወይም ዓሣው ምግብ ከተወ ግን ቅጠሉን ተስፋ አድርገው አይቆዩ፤ ለባክቴሪያ የሚሰጥ ሕክምና ስለሚያስፈልገው የዓሣ በሽታ የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ።